አማተር ሬዲዮን በቤት ኔትወርክ መቆጣጠር
አማተር ሬዲዮን በቤት ኔትወርክ መቆጣጠር ማለት ሬዲዮውን አንቴናው አጠገብ ትቶ ከሌላ ክፍል በኮምፒውተር ማዘዝ ነው። በኢትዮጵያ የሚታወቀው የአማተር ጣቢያ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ሲሆን የጥሪ ምልክቱ «ኢቲ3ኤኤ» ነው።

እንደ መርካቶ ሱቅና ሽቦ በበዛበት ሰፈር ከቻርጀርና ከአምፖል የሚወጣው የኤሌክትሪክ ረብሻ ደካማ ሲግናልን ይውጣል፤ አንቴናውን ከሱቆቹ ማራቅ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ከሬዲዮው ጋር በዩኤስቢ በተያያዘ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሃምሊብ ፕሮግራም በፖርት 4532 ትእዛዝ ይቀበላል፤ ድምፁ ለብቻው ይላካል።

አሳሳቢው የኔትወርክ መቋረጥ ነው። «አስተላልፍ» የሚለው ትእዛዝ ደርሶ «አቁም» የሚለው መንገድ ላይ ከቀረ፣ ሬዲዮው እየጋለ የሌሎችን ፍሪኩዌንሲ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የማስተላለፊያው የጊዜ ገደብ ራሱ ሬዲዮው ላይ ይሞላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ መሙላት አያስተማምንም።