አጋር፦ ከሞሮኮ ባሕር ዳርቻ እስከ አዲስ አበባ ላቦራቶሪዎች

ከመርካቶ ተነሥቶ በፓስተር፣ በጳውሎስና በዊንጌት በኩል ወደ አስኮ የሚያመራ መንገደኛ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚገኝበት አካባቢ ያልፋል። ሠፈሩ «ፓስተር» የሚለውን መጠሪያ ያገኘው ከቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። በመሰል ላቦራቶሪዎች ባክቴሪያን አሳድጎ ለመለየት የሚያገለግለው አጋር የተሰኘ ዱቄት የሚመረተው ከቀይ የባሕር አልጌ ነው። ስያሜው የማላይ ቋንቋ ሲሆን፣ ከአማርኛው «አጋር» ጋር የሚገናኘው በድምፅ ብቻ ነው።

ለላቦራቶሪ ተመራጭ የሆነው አጋር የሚገኘው ጄሊዲየም ከተባለው የአልጌ ወገን ነው። ከዝርያዎቹ አንዱ የሆነው ጄሊዲየም ኮርኒየም በሞሮኮ፣ በፖርቱጋልና በስፔን የአትላንቲክ ዳርቻዎች ማዕበል በሚበረታበት ዓለታማ የባሕር ወለል ላይ ይበቅላል። እንደ የብስ ዕፅዋት ሥር የለውም፤ ከዓለቱ ጋር ተጣብቆ ምግቡን በመላ አካሉ ከውኃው ይወስዳል። ቀይ ቀለሙ ወደ ጥልቀት የሚዘልቀውን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ለመጠቀም ያስችለዋል። ዕድገቱ ዘገምተኛ በመሆኑ ከመጠን በላይ የተነቀለበት ሥፍራ በቶሎ አያገግምም። ግራሲላሪያ የተባለው ሌላ ቀይ አልጌ በኢንዶኔዥያ፣ በቻይናና በቺሊ በእርሻ ቢመረትም፣ ምርቱ በአብዛኛው ለምግብ ኢንዱስትሪ ይውላል። በጭቱና በአረንጓዴ ሐይቆቻችን የሚገኘው ስፒሩሊና ግን አጋር አይወጣውም።

አጋር ወደ ላቦራቶሪ የገባው በጀርመናዊው ሮበርት ኮህ የምርምር ቡድን ነው። የረዳቱ የዋልተር ሄሰ ባለቤት ፋኒ ሄሰ ለማርመላታ የምትጠቀምበትን አጋር በጄላቲን ምትክ እንዲሞክሩት ያቀረበችው ሐሳብ ከእ.ኤ.አ. 1882 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ጄላቲን በሰውነት ሙቀት ይቀልጣል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ያሟሙታል። አጋር ግን ለመቅለጥ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎችም አይበሉትም። ለአንድ ሊትር ማሳደጊያ የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል ብቻ ነው።

ኮሌራን በማሳደግ ማረጋገጥም ሆነ አንድ ተሕዋስ ለየትኛው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንደሚበገር በሳህን ላይ መፈተሽ በዚሁ ዱቄት ላይ የተመሠረተ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ከሚያገለግሉት ማሳደጊያዎች አንዱ ግን በእንቁላል የሚዘጋጅ ነው።

ሞሮኮ የባሕር ሀብቷን ለመጠበቅ ዓመታዊ ምርቷን ወደ 6,000 ቶን ገደማ፣ ወደ ውጭ የሚላከውን ጥሬ አልጌ ደግሞ ወደ 1,200 ቶን በመገደቧ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ገበያ እጥረት ተከስቶ ዋጋው አሻቅቧል። በግዥ ዝርዝር ላይ አንዲት መስመር የምትይዘው ይህች ዱቄት በውጭ ምንዛሪ የምትገባ ናት። ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ ትዕዛዙን መጀመር ምርመራውን ያዘገያል። በደረቅና ቀዝቃዛ ሥፍራ የታሸገ ዱቄት ለዓመታት ሲቆይ፣ ተፈልቶ በሳህን የተዘጋጀው ግን በማቀዝቀዣ ውስጥም ቢሆን ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም።