ከገበታው ጀርባ ያለው ጓሮ

ከአምቦ ተነስቶ ወደ ወሊሶ የሚወስደውን ዳገት የያዘ ሰው ወንጪ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው ሐይቁን ነው። በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ውሃ፣ መሐሉ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለባት ደሴት፣ ዙሪያውን ከ3,300 ሜትር በላይ የሚደርስ ተራራ። "ሐሮ" በአፋን ኦሮሞ ሐይቅ ማለት ነውና ስሙ ራሱ እንግዳውን ወደ ውሃው ይመራዋል። እንግዳውም ፈረስ ተከራይቶ ይወርዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ከየቤቱ ጀርባ የቆመውን ሰፊ ቅጠል ግን ልብ ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። የአገሬው ሰው ወርቄ ይለዋል። በአማርኛ እንሰት ነው።

አብዛኛው የከተማ ሰው እንሰትን በሁለት መንገድ ያውቀዋል። አንድም ለበዓል ድፎ ዳቦ መጠቅለያ በሚገዛው ኮባ፣ አንድም ክትፎ ቤት ገብቶ በሚያዘው ቆጮ። ከዚያ ያለፈውን ታሪኩን የሚጠይቅ የለም። ታሪኩ ግን የዚህች አገር የረሃብና የመንግሥት ታሪክ ግማሽ ገጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንሰትን በሰሜኑ አገር አግኝቶ በመጽሐፉ ስለ አበላሉ ጽፏል፣ ሥዕሉንም አሳትሟል። ከእሱ በፊት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ኢየሱሳውያንም ተክሉ ለምግብነት እንደሚውል መዝግበዋል። ዛሬ በሰሜን መብሉ ቀርቶ ቅጠሉ ብቻ ተረፈ። ስሙ ግን ሩቅ ተጉዟል። የዓለም የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን የሙዝ ዘመድ እስካሁን የሚጠሩት "ኤንሴቴ" በሚለው ከእኛው በወሰዱት ስም ነው። የዱር ዘመዶቹ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላሉ፤ አላምዶ ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው።

እንሰት የጓሮ ተክል ነው። ዘር ተበትኖ አይበቅልም። ገና ያልደረሰ እንሰት ይቆረጥና መሐል እምብርቱ ተፈልፍሎ ሥሩ ተመልሶ ይቀበራል፤ ከአንዱ ሥር በደርዘን የሚቆጠር ችግኝ ይወጣል። ችግኙ ከመደብ ወደ መደብ እየተዛወረ፣ የበረት ፍግ እየተደፋለት፣ እንደየአየሩ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። እንደ ወንጪ ባለ ብርዳማ ደጋ ደግሞ ይዘገያል። ሲደርስ ሴቶች ተሰብስበው ግንዱን በቀርከሃ ይፍቁታል፣ ሥሩን ይቀጠቅጡታል፣ በራሱ ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ያብላሉታል። ከዚያ ቆጮ ይጋገራል። ከተጨመቀው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል፤ ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ነው፤ ከፍቆቱ የሚተርፈው ቃጫ ገመድ ይሆናል። ከዚህ ተክል የሚጣል ነገር የለም።

ዋናው ቁም ነገር ግን እዚህ ላይ ነው፤ እንሰት የመኸር ወር የለውም። ጤፍ ወቅቱን ጠብቆ ካልዘነበለት ዓመቱ አለቀ። እንሰት ግን ዘንድሮ ባይፈለግ ለከርሞ ይቆያል፤ ችግር ሲመጣ ይቆረጣል። ቆጮውም በጉድጓዱ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ጎተራው ጓሮው ራሱ ነው።

ይህ ትርጉሙ የሚገባው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን ላስታወሰ ሰው ነው። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ በሬ ሲያልቅ ሞፈርና ቀንበር ተሰቀለ፤ ሞፈር ሲሰቀል እህል ጠፋ። እንሰት ግን በሬ አይጠብቅም፤ መቆፈሪያና እጅ ይበቃዋል። እርግጥ ፍጉ የሚገኘው ከከብት ነውና እንሰት ተካዩም ጉዳቱ አልቀረለትም። ሆኖም ከበሽታው በፊት ተተክሎ ጓሮ የቆመው ለዓመታት የሚበላ ነበር።

መንግሥት በበኩሉ ዓይኑን ከጎተራ አላነሳም። አጼ ምኒልክ በ1884 ዓ.ም. ለሠራዊቱ ቀለብ አሥራት ሲደነግጉ ተሰፍሮ የሚወሰደው እህል ነበር። እህል በአውድማ ይታያል፣ በቁና ይሰፈራል፣ በአህያ ይጫናል። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቆጮ ለሰፋሪ አይመችም። የሚሰፈር ነገር ደግሞ ይከበራል፤ የማይሰፈረው "የድሃ ምግብ" ይባላል። ዛሬም ስለ ምርት ሲወራ ጆሮ የሚጠብቀው የስንዴና የጤፍ ኩንታል ነው።

ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። በእንሰት የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ወደ 20 ሚሊዮን ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ ጥናት እንደሚለው ከ40 እስከ 60 እንሰት ለአምስት ወይም ለስድስት ሰው ቤተሰብ ይበቃል፤ የሚይዘው ቦታ ከ400 ካሬ ሜትር አይበልጥም። ይህ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ደህና ግቢ ስፋት ነው።

እንሰት ጠላት የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሳይንቲስቶች የለዩት የአጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ ከተክል ወደ ተክል በቢላዋ ይተላለፋል፤ የሚፈውስ መድኃኒት የለውም። የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ፣ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ነው መላው። ከዚህ የሚብሰው ግን የዕውቀቱ መጥፋት ነው። እንሰት የሚራባው ከሥር በመሆኑ ዝርያው እንደ እህል ዘር በከረጢት ተቋጥሮ አይቀመጥም። አንድ ቤት መትከል ሲያቆም በዚያ ጓሮ ብቻ የነበረ ዝርያ ከነስሙ ይሞታል።

ወንጪ አሁን ስም አላት። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ይፋ የሆነው "ገበታ ለሀገር" ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር መረጣት፤ ለእራቱ አንድ ሰው እስከ 10 ሚሊዮን ብር ከፍሏል። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አደረጋት። መንገድና ሎጅ መጣ፤ መልካም ነው። ግን መንደር የተባለው ውሃው አይደለም፤ ሰውና ጓሮው ነው። መሬት ለልጅ ልጅ እየተሸነሸነ ሲሄድ፣ ሰባት ዓመት የሚያስጠብቅ ተክልና ዛሬውኑ ብር የሚያስገኝ ፈረስ ለአንድ ወጣት እኩል አይታዩትም። ምርጫው የሱ ነው፤ አይወቀስበትም። እንግዳ የሚያስተናግደው ሎጅ ቆጮውንና ቡላውን ከዚያችው ጓሮ ቢገዛ ግን ምርጫው ይቀልለታል። ያኔ እንሰት መትከልም የሚከፍል ሥራ ይሆናል።

በክፉ ቀን ሰው ያቆየ ተክል በደህናው ቀን ከገበታው ጀርባ ሊቀር አይገባውም። ክፉ ቀን ተመልሶ ቢመጣ የሚቆረጠው ዛሬ የተተከለው ነውና።