ከኦበርባውም ድልድይ ወዲህና ወዲያ

በጀርመን ምድር መጀመሪያ ድምፅ የሰጠሁት ግንቦት 7 ቀን 1989 ነው። (ቀንና ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ያኔ በምሥራቅ በርሊን ፍሪድሪሽስሃይን በሚባለው ሰፈር የምኖር የ24 ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በዚያ ዓመት ነዋሪ የሆኑ የውጭ ዜጎችም በአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ እንዲካፈሉ ፈቅዶ ነበርና ለእኔም ደብዳቤ ደረሰኝ። ሹሩባ ተሠርቼ፣ ነጠላዬን ደርቤ ሄድኩ። ጣቢያው ስደርስ የሚመረጥ ነገር የለም። የአንድ ግንባር ዕጩዎች ስም የተደረደረበት ወረቀት ይሰጡሻል፤ አጥፈሽ ኮሮጆው ውስጥ ትከችዋለሽ፤ አለቀ። ስም ለመሰረዝ ወደ ሚስጥር ክፍሉ ጎራ ያለ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። እኔም አጥፌ ከተትኩ። ማታ በቴሌቪዥን ሕዝቡ በ98.85 በመቶ ድምፅ ደገፈ ተባለ። በየጣቢያው ቆመው ቆጠራውን የተከታተሉ ደፋር ዜጎች የያዙት ቁጥር ግን ከዚህ ጋር አልገጥም አለ። በዚያው ዓመት መኸር ሰዉን አደባባይ ካወጡት ቁጣዎች አንዱ ይኸው የተሰረቀ ቆጠራ ነበር።

ሁለተኛውን ድምፄን የሰጠሁት ከ13 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 2002 ነው። በመካከሉ አገሩ ተለውጧል፣ የበርሊን ግንብ ፈርሷል፣ እኔም በ2000 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የዜግነት ሕግ ጀርመናዊት ሆኛለሁ። ሰፈሬ ግን ያው ፍሪድሪሽስሃይን ነው። በእጄ የያዝኩት ወረቀት ላይ የተጻፈው የምርጫ ክልል ስም ግን አዲስ ነበር፦ በርሊን ፍሪድሪሽስሃይን ክሮይትስቤርግ፣ ከፕሬንስላወር ቤርግ ምሥራቃዊ ክፍል ጋር። ሰፈሬን ከሽፕሬ ወንዝ ማዶ ካለው ከክሮይትስቤርግ ጋር በአንድ ተወካይ ሥር አስረውታል። ያን ቀን ስሙን ደጋግሜ አነበብኩት። ያ ወንዝ ምን እንደነበር አውቃለሁና።

ግንቡ በቆመበት ዘመን በዚያ ቦታ የሽፕሬ ውኃ ከዳር እስከ ዳር የምሥራቁ ነበር። ድንበሩ የሚጀምረው ክሮይትስቤርግ በኩል ካለው የድንጋይ ዳርቻ ላይ ነው። ከ1966 እስከ 1975 ባለው ጊዜ በዚያ ዳርቻ ሲጫወቱ የነበሩ አምስት የምዕራብ በርሊን ልጆች ውኃ ውስጥ ወድቀው ሞቱ። ከምዕራብ በኩል የመጡ አዳኞች ድንበር መጣስ ይሆንብናል ብለው ዘለው መግባት አልቻሉም። ሁለቱ ወገኖች ስለ ነፍስ አድን ሥራ የተስማሙት አምስተኛው ልጅ ከሞተ በኋላ፣ በ1975 ማለቂያ ላይ ነው። ክሮይትስቤርግ ማዶ የተቀጠርኩት ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ነርስ ሆኜ ነው። በኦበርባውም ድልድይ ላይ በእግሬ በተሻገርኩ ቁጥር ውኃውን ሳላየው አላልፍም ነበር።

ያ የወንዝ ዳርቻ የእኛን የአፍሪካውያንንም ታሪክ ነካ ያደርጋል። ግሮበን ይባል ነበር፤ በ1683 በዛሬዋ ጋና ጠረፍ ላይ የብራንደንቡርግን የባሪያ ንግድ ምሽግ ባቋቋመ መኮንን ስም። በ2010 ስሙ ተሽሮ በሜይ አዪም ተተካ። እሷ ከጋናዊ አባት የተወለደች፣ የጥቁር ጀርመናውያንን ንቅናቄ ካነሳሱት አንዷ የሆነች ገጣሚ ነበረች። አዲሱ የመንገድ ስም የተተከለ ሰሞን ሄጄ አይቼዋለሁ። ልብ ያሞቃል።

ወንዙን ግራና ቀኝ አንድ ተወካይ ሲወክለው 2002 የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በርሊን ስድስት የምርጫ ክልሎች ነበሯት። አራተኛው በወንዙ ሰሜን የሽትራላውን ሰፈር፣ በደቡብ ደግሞ የሉይዘንሽታትን ክፍል ይዞ የሠራተኞች ሰፈር ነበር። ከ1884 ጀምሮ በ1911 እስኪሞት ድረስ የወከለው ፓውል ዚንገር ነው፤ የሴቶች ካፖርት ፋብሪካ የነበረው፣ ከአውግስት ቤብል ጋር የሶሻል ዴሞክራቶቹን ፓርቲ የመራ አይሁዳዊ። ሆኖም የዚያ ዘመን መስመር ፍትሕ የጎደለው ነበር። የምርጫ ክልሎቹ ከ1871 ጀምሮ እስከ 1918 ሳይከለሱ ቆዩ። ከተሞች በፋብሪካ ሠራተኛ ሲጥለቀለቁ፣ ገጠሩ ሲራቆት፣ መስመሩ ባለበት ተቀመጠ። በ1912 ከ300 ሺህ በላይ መራጭ የነበረው የበርሊን ዳርቻ አንድ ወንበር፣ ወደ 10 ሺህ ገደማ መራጭ የነበረው ሻውምቡርግ ሊፐም አንድ ወንበር ነበራቸው። ሴቶች ደግሞ እስከ 1919 ድረስ ጭራሽ አይመርጡም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ክሮይትስቤርግ ሌላ ዓይነት ጉድለት ገጠመው። ምዕራብ በርሊን በድል አድራጊዎቹ መንግሥታት ሥልጣን ሥር ስለነበረች ነዋሪዎቿ የፌዴራሉን ምክር ቤት (የቡንደስታግ) አባል በቀጥታ አይመርጡም ነበር። የከተማው ምክር ቤት 22 ሰዎችን ይልካል፤ እነሱም በሕግ ማጽደቅ ላይ ሙሉ ድምፅ አልነበራቸውም። ከ1985 እስከ 1987 በዚህ መንገድ ተልከው ከነበሩት አንዱ ሃንስ ክርስቲያን ሽትሮበለ ነው። ጠበቃ ነው፤ ታትስ የተባለውን ጋዜጣ ካቋቋሙትም ይቆጠራል። ይህን ሰው ልብ በሉት።

በምሥራቁ በኩል ነገሩ ሌላ ነበር። ከሁለቱ ጀርመኖች ውሕደት በኋላ ፍሪድሪሽስሃይን ከሊሽተንቤርግ ጋር ተጣምሮ አንድ የምርጫ ክልል ሆነና በ1994 የቀድሞው ገዢ ፓርቲ ወራሽ ለሆነው ለፔዴኤስ የቆመችውን ክሪስታ ሉፍትን መረጠ። በጀርመን ሕግ መራጩ ሁለት ድምፅ አለው፤ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለፓርቲ። ከፓርቲ ድምፅ 5 በመቶ ያላገኘ ፓርቲ ምክር ቤት አይገባም፤ ሦስት የምርጫ ክልሎችን በቀጥታ ካሸነፈ ግን በሩ ይከፈትለታል። ፔዴኤስ በ1994 ያገኘው 4.4 በመቶ ብቻ ነበር፤ ምሥራቅ በርሊን ውስጥ አራት ክልሎችን በማሸነፉ 30 ሰው ይዞ ገባ። ከአራቱ አንዱ የእኛው ሰፈር ነው። እኔ ያኔ በመስኮት ተመልካች ነበርኩ።

በ2001 የበርሊን 23 ወረዳዎች ወደ 12 ተጠቃለሉ። የቡንደስታግም የምርጫ ክልሎች ከ328 ወደ 299 ወረዱ። የበርሊን ድርሻ ከ13 ወደ 12 ሲቀንስ አንዳንድ የምሥራቅ ሰፈሮች ከምዕራቡ ጋር ተጣመሩ። በ2002 ፔዴኤስ ሁለት ክልል ብቻ አሸነፈ፤ 4 በመቶውም አላዳነውም፤ በሁለት ሴቶች ብቻ ቀረ። መስመሩ ሆን ተብሎ ፓርቲውን ለመጉዳት የተሰመረ ነው የሚሉ ጎረቤቶች ነበሩኝ። እኔ እንደዚያ አላምንም፤ ወረዳዎቹ ከተዋሐዱ የምርጫ ክልሉም መከተሉ አይቀርም ነበር። ቅሬታቸው ግን ይገባኛል። በአንድ መስመር መዘዋወር ምክንያት የመረጥከው ሰው ሲጠፋ ማየት ቀላል አይደለም።

በዚያው የ2002 ምርጫ ነው ሽትሮበለ በእኛ ክልል የተወዳደረው። በ1999 የኮሶቮን ጦርነት፣ ቀጥሎም ወታደር ወደ አፍጋኒስታን መላክን በመቃወሙ የገዛ ፓርቲው አረንጓዴዎቹ በዝርዝሩ ላይ አስተማማኝ ቦታ ነፈጉት። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ክልሉን ራሱ ማሸነፍ። አንድም አረንጓዴ እስከዚያ ቀን ድረስ በመላው ጀርመን ክልል አሸንፎ አያውቅም። የ63 ዓመቱ ሰው በብስክሌቱ ከገበያ ገበያ፣ ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ሲመላለስ ሰነበተ። ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ኒዮ ናዚ በብረት ዱላ ጭንቅላቱን መታው። እሑድ 31.6 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ። ከዚያ 31.6 በመቶ ውስጥ አንዷ ድምፅ የእኔ ናት። ቤቴ ገብቼ ለብቻዬ ቡና አፈላሁ።

እስከ 2017 ድረስ አራት ጊዜ ተመረጠ። በ2009 ወደ 47 በመቶ ተጠግቶ ነበር። በ2013 ጥቅምት ሞስኮ ድረስ ሄዶ የአሜሪካን የስለላ ምሥጢር ያወጣውን ኤድዋርድ ስኖውደንን አነጋገረ። እኔ የማከብረው ግን በሌላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦክስሃገነር አደባባይ ገበያ ላይ ብታቆመው ይቆማል፤ ይሰማል። ነሐሴ 29 ቀን 2022 ሲያርፍ ዘመድ የሞተብኝ ያህል አዝኛለሁ። እሱን የተካችው ቱርክ ተወልዳ በልጅነቷ የመጣችው ጠበቃ ጃናን ባይራም በ2017ም በ2021ም አሸንፋለች።

የ2021ዱ ምርጫ ግን አሳፋሪ ነበር። የማራቶን ሩጫው በዚያው ቀን ተደርጎ መንገድ ተዘጋ፣ ወረቀት አለቀ፣ የአንዱ ወረዳ ወረቀት ለሌላው ደረሰ። በከተማይቱ 455 ጣቢያዎች የቡንደስታጉ ምርጫ የካቲት 11 ቀን 2024 ተደገመ። የ1989ኙን ቆጠራ ላየ ሰው ይህን ማየት ያማል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ ስሕተቱን ፍርድ ቤት አየውና እንዲታረም አዘዘ።

በክሮይትስቤርግ አንዲት ቱርካዊት ታካሚ ነበረችኝ፤ ጀርመን ከቱርክ ጋር በ1961 የሠራተኛ ውል ከፈረመች በኋላ የመጣች፣ ዕድሜዋን ሙሉ በፋብሪካ የሠራች። «የኔ ልጅ፣ አንቺስ ትመርጫለሽ፤ እኔን ማን ይወክለኛል?» አለችኝ አንድ ቀን። መልስ አጣሁ። በኋላ ሕጉን ሳነብ ነገሩ ከገመትኩት የባሰ ሆኖ አገኘሁት። የምርጫ ክልል የሚለካው በነዋሪ ብዛት ነው፤ የሕዝቡ ቁጥር ከአማካዩ በ25 በመቶ ከራቀ መስመሩ እንደገና መሰመር አለበት። በዚያ ስሌት ውስጥ ግን የውጭ ዜጎች አይገቡም። ድምፅ መንፈግ አንድ ነገር ነው፤ መስመሩ ሲሰመር እንኳ እንደሌለች መቆጠሯ ግን ስሕተት ነው። እኔም ከ2000 በፊት ፍሪድሪሽስሃይን ስኖር፣ በሽተኛ ሳነሳና ግብር ስከፍል በስሌቱ አልነበርኩም።

የካቲት 23 ቀን 2025 የግራ ፓርቲው ፓስካል ማይዘር ክልላችንን ከአረንጓዴዎቹ ወሰደ። እኔ 60 ዓመት ደፍኛለሁ፤ አሁንም ከድልድዩ ወዲህ ነኝ። ከሰኔ 2024 ጀምሮ ዜግነት ለማግኘት የሚጠየቀው የኑሮ ዘመን አምስት ዓመት ሆኗል። ጀርመን አገር የምትኖሩ ዜግነቱን የወሰዳችሁ ወገኖቼ፣ የምርጫ ማስታወቂያው ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አትጣሉት። በላዩ ላይ የተጻፈውን የምርጫ ክልል ስም አንብቡ፣ ሂዱና ድምፃችሁን ስጡ። ስትሄዱ ደግሞ ያልተቆጠሩ ጎረቤቶቻችሁን አስቡ።