ከመስተንግዶ እስከ አመራር፦ ሴቶች በዳላስና በፎርት ዎርዝ የጉዞ ሥራ ታሪክ

በስደት የምንኖርባቸው የዳላስና የፎርት ዎርዝ ከተሞች ብዙ ወገኖቻችንን መጀመሪያ የተቀበሉት በአውሮፕላን ማረፊያውና በሆቴሎቻቸው የሥራ በር ነው። በዚህ በር ከገቡት መካከል እናቶቻችንና እኅቶቻችን ይገኙበታል። ስለሆነም ሴቶች በዚህ የሥራ መስክ እንዴት እንደ ገቡና እስከ የትኛው እርከን እንዲወጡ እንደ ተፈቀደላቸው መመርመር፣ የሌላውን ሕዝብ ታሪክ ከማወቅ አልፎ የራሳችንን ኑሮ መመርመር ነው።

እንግዳ የማስተናገድን ሥራ መምራት ለኢትዮጵያዊት ሴት ባዕድ አይደለም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሆቴል ያቋቋሙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ይሁን እንጂ የእርሳቸው መሥራችነት በጉዞው ዘርፍ ለተከታዮቻቸው ሴቶች መሰላል አልሆነም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገበት ከ1946 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንሥቶ፣ አምሳለ ጓሉ በ2010 የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን እስክትሆን ድረስ 64 ዓመታት አልፈዋል።

የመሰላሉ መታጣት የአገራችን ችግር ብቻ እንዳልነበረ የምንኖርበት አካባቢ ታሪክ ይመሰክራል። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1957 በዚሁ አካባቢ ለሴት የበረራ አስተናጋጆች ልዩ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከፈተ። በዘመኑ ደንብ መሠረት ግን አስተናጋጅ ባል ካገባች ሥራዋን ትለቅ ነበር፤ ኩባንያው በ1953 ባስገባው ደንብም አዲስ ተቀጣሪ 32 ዓመት ሲሞላት ከበረራ ትሰናበት ነበር። የዚህ ደንብ ጉዳት እንጀራ ከማሳጣት የከፋ ነው። ልምድ በሚጎለምስበት ዕድሜ ሠራተኛውን የሚያሰናብት መሥሪያ ቤት ለአመራር የሚበቁ ሴቶችን ሊያፈራ አይችልምና። ደንቦቹ የተሻሩት የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በቅጥር ላይ የጾታ አድልዎን ከከለከለ በኋላ፣ አስተናጋጆቹና ማኅበራቸው ባካሄዱት የዓመታት ክርክር በ1960ዎቹ ማብቂያ ነው።

ሕጉ ቢወጣም አስተሳሰቡ ወዲያው አልተለወጠም። በ1971 ከዳላስ ላቭ ፊልድ መብረር የጀመረው ሳውዝዌስት ኤርላይንስ አስተናጋጆቹን አጭር ቁምጣና ረጅም ቦት ጫማ አልብሶ ውበታቸውን የንግድ ማስታወቂያ አደረገው። ወንዶችን ለአስተናጋጅነትና ለቲኬት ሽያጭ አልቀጥርም በማለቱም ከ100 በላይ በሆኑ ወንድ አመልካቾች ስም ተከሰሰ። ኩባንያው የሴት ማራኪነት ለንግዱ የግድ እንደሚያስፈልግ ቢከራከርም፣ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ1981 የአየር መንገድ ዋና ተግባር መንገደኛን በደኅና ማጓጓዝ ነው ሲል ክርክሩን ውድቅ አደረገው። ከሳሾቹ ወንዶች ቢሆኑም ፍርዱ ለሴቶች የነበረው ትርጉም ቀላል አልነበረም። በመልኳ ተመዝና የምትቀጠር ሠራተኛ በሙያዋ ተመዝና ልታድግ አትችልም።

በዚሁ ኩባንያ ኮሊን ባሬት በ2001 ፕሬዚዳንት ሆኑ። እኒህ ሴት ከኩባንያው መሥራቾች የአንዱ፣ የጠበቃው የኸርብ ኬለኸር ጸሐፊ ነበሩ፤ በ1978 ወደ ኩባንያው ገብተው ደረጃ በደረጃ አደጉ። ችሎታቸው አያጠያይቅም። ሆኖም ለሹመቱ የበቁት ኩባንያው መብረር ከጀመረ ከ30 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚነቱ ያን ጊዜም በወንድ እጅ ነበር። ከአለቃ ጋር በረጅም ዘመን የተገነባ መተማመን ለአንዲት ሴት መንገድ ሊከፍት ይችላል፤ ለብዙዎች መንገድ የሚከፍተው ግን በግልጽ የተጻፈ የዕድገት ሥርዓት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ሴቶች በአንድ የሥራ መስክ በብዛት መገኘታቸው ብቻውን ወደ አመራር እንደማያደርሳቸው ነው። የአልጋ ክፍል የምታጸዳው እኅታችን ከአገሯ ይዛው የመጣችው የትምህርት ማስረጃ እንዲታወቅላት፣ የማታ ትምህርት እንድትከታተል፣ የዕድገት ውድድር ሲወጣም መብቷን አውቃ እንድትቀርብ ማገዝ የማኅበሮቻችን ተግባር መሆን ይኖርበታል። ማኅበሮቻችንም ሴቶችን ከመስተንግዶ ኮሚቴ አልፈው በሊቀ መንበርነት ሊያስቀምጡ ይገባል። በራሳችን ጉባኤ ያልሠራነውን ከባዕድ ኩባንያ ልንጠይቅ አንችልም።