ከእጅ ወደ እጅ የሄደ ሙዚቃ

እስቲ ጠጋ በሉና ላውጋችሁ። ዘመኑ የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ። ቦታው አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ። ጆን ዛዙላና ባለቤቱ ማርሻ ገበያ ውስጥ ሸክላና ካሴት ይሸጣሉ። ታዲያላችሁ፣ አንድ ቀን ከካሊፎርኒያ የመጣ ካሴት እጃቸው ገባ። ያሳተመው ኩባንያ የለም፤ ሙዚቃ ወዳዶች እየቀዱ በፖስታ ሲቀባበሉት የደረሰ ነው። ባልና ሚስቱ ሰምተው ዝም ማለት አልቻሉም። ልጆቹን ጠሯቸው። ልጆቹም ዕቃቸውን በኪራይ መኪና ጭነው አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው መጡ። አልበማቸውን የሚያወጣ ኩባንያ ሲታጣ፣ ዛዙላዎች ሜጋፎርስ የተባለ አሳታሚ ራሳቸው አቋቋሙ። በጁላይ 1983 «ኪል ኤም ኦል» ወጣ። ልጆቹ ሜታሊካ ነበሩ።

ልጆቹ የተጫወቱትን የሙዚቃ ስልት፣ ትራሽ ሜታልን፣ የምወድበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው፤ አዋልዶ ያሳደገው አድማጭ ነው። ሬዲዮ ሳያጫውተው፣ ቴሌቪዥን ሳያሳየው፣ የወደደው ሰው ለሌላው እያቀበለ ዓለምን አዳረሰ።

የሜታሊካውን ድራመር ላርስ ኡልሪክን ተመልከቱ። የዴንማርክ ተወላጅ ነው። በ1981፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ዳይመንድ ሄድ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ ከመውደዱ የተነሳ ከአሜሪካ ተነስቶ ባሕር ተሻገረ። ኮንሰርታቸውን ማየቱ አልበቃውም፤ እነሱው ዘንድ በእንግድነት ሰነበተ። በዚያው ዓመት ከጄምስ ሄትፊልድ ጋር ሜታሊካን መሠረተ።

ድምፁስ? የብሪታንያ ሄቪ ሜታልን ክብደት ከፓንክ ጥድፊያ ጋር አጋቡት። ጊታር ተጫዋቹ የቀኝ መዳፉን ጠርዝ ክሮቹ ላይ አሳርፎ ያፍናቸዋል፤ ድምፁ ሳይንሳፈፍ ቁርጥ፣ ቁርጥ እያለ ይወጣል። ድራመሩ ሁለት እግሩን እያፈራረቀ የከበሮውን ፔዳል ይረግጣል። ለጊዜው ሁከት ብቻ ይመስላል። ደጋግማችሁ ስትሰሙት ግን እያንዳንዱ ምት ቦታ ቦታውን እንደያዘ ይገባችኋል፤ ያን ያህል ፈጥኖ አለመደነቃቀፍ ስንት ልምምድ እንደሚጠይቅ አስቡት!

አሁን ወደ 1986 ልውሰዳችሁ። ምን ዓመት ነበር መሰላችሁ! በማርች የሜታሊካ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ወጣ። «ኪል ኤም ኦል» ከመቀረጹ በፊት ከሜታሊካ የተባረረው ዴቭ መስቴይን ሜጋዴዝን አቋቁሞ ነበርና፣ እሱም በዚያው ዓመት «ፒስ ሴልስ» የተሰኘውን ድንቅ አልበም አመጣ። በኦክቶበር ደግሞ የሌላው ባንድ፣ የስሌየር፣ «ሬይን ኢን ብለድ» ተከተለ። አሥር ዘፈን፣ 29 ደቂቃ ያህል ብቻ! ከማጠሩ የተነሳ ሙሉ አልበሙ በካሴቱ አንድ ገጽ አልቆ፣ በሌላው ገጽ እንደገና ተቀዳ። ድምፃዊው ቶም አራያ ቺሊ፣ ድራመሩ ዴቭ ሎምባርዶ ሃቫና ነው የተወለዱት፤ ሁለት የስደተኛ ልጆች በካሊፎርኒያ ተገናኝተው ይህን የመሰለ ፈጣን ሙዚቃ ሠሩ።

ያ ዓመት ግን ሐዘንም አለበት። ሴፕቴምበር 27 ቀን ንጋት ላይ የሜታሊካ አውቶቡስ ስዊድን ውስጥ ተገለበጠ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ክሊፍ በርተን በ24 ዓመቱ አረፈ። ሜታሊካ መኖሪያውን ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያዛወረው እሱን ለማግኘት ሲል ነበር። አጃቢ ሆኖ የኖረውን ቤዝ ጊታር ፊት አውጥቶ ያዘፈነ ልጅ ነው። «ኦሪዮን» የተባለውን ሙዚቃ ስሙ፤ ግጥም የለውም፣ ግን ስንት ነገር ይናገራል።

ሙዚቃው በአሜሪካም አልተወሰነም። ጀርመን ውስጥ ከድንጋይ ከሰሉ አገር፣ ከሩር፣ የኤሰኑ ክሪኤተር ተነሳ። ብራዚል ውስጥ ደግሞ ማክስና ኢጎር ካቫሌራ የተባሉ ወንድማማቾች በ1984፣ አገሪቱ ገና በወታደሮች እጅ ሳለች፣ ሴፑልቱራን መሠረቱ። በ1989 «ቢኒዝ ዘ ሪሜይንስ» ሲወጣ ዓለም ፊቱን ወደ ከተማቸው፣ ወደ ቤሎ ኦሪዞንቴ አዞረ።

ኮንሰርቱንማ ምን ልበላችሁ! መድረኩ ፊት ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ይሮጣል፣ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል። ከሩቅ ለሚያየው ጠብ ነው። ውስጡ ግን ሁሉም የሚያውቀው ሕግ አለ፤ ሰው ከወደቀ አጠገቡ ያለው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ያነሳዋል። የማያውቁትን ሰው እንዲህ ተሽቀዳድሞ ማንሳት የታከለበት ጭፈራ እንዴት አይወደድ!

ሜታሊካ፣ ስሌየር፣ ሜጋዴዝና የኒው ዮርኩ አንትራክስ «አራቱ ታላላቆች» ይባላሉ። አራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መድረክ የተሰለፉት ከስንት ዓመት በኋላ፣ በጁን 2010 ዋርሶ ላይ ነው። በዚያው ወር ሶፊያ ላይ ከአራቱም ባንዶች የተውጣጡ ሙዚቀኞች፣ የተባረረው መስቴይን ጭምር፣ አብረው ቆመው አንድ ዘፈን ተጫወቱ። የማንን ዘፈን? የዳይመንድ ሄድን! ዝናቸው ከጣራ በላይ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ አድማጭ ሳሉ የወደዱትን ነው የመረጡት።

ለጀማሪ ምክሬ ይህ ነው። መጀመሪያ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ»ን ከዳር እስከ ዳር ስሙ። ፍጥነቱ ካልበቃችሁ «ሬይን ኢን ብለድ» አለላችሁ። ሲጥማችሁ ደግሞ ለብቻችሁ አትያዙት፤ ወዳጃችሁን አስቀምጡና አሰሙት። እዚህ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነውና።