ፒያሳን ያፈረሳት ዶዘር ብቻ አይደለም

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ዶዘሮች ፒያሳ ገቡ። ዶሮ ማነቂያና የራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ብዙም ሳይቆዩ ሜዳ ሆኑ። የአዲስ አበባ ሰው ጎራ ለይቶ ተከራከረ። አንዱ ወገን «ታሪካችን ፈረሰ» ብሎ አዘነ፤ ሌላው «ሽንት ቤት የሌለው የጭቃ ቤት ምን ታሪክ አለው?» ብሎ መለሰ። ሁለቱም ወገኖች ግን አንድ ጥያቄ ዘለሉ። ወርቅ የሚገዛበት፣ ሲኒማ የሚታይበት፣ ማኪያቶ የሚጠጣበት የከተማዋ እምብርት እንዴት ሆኖ ነው ከሱቆቹ ጀርባ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ግድግዳው ያዘመመ መንደር የሆነው?

መልሱ በ2016 ዓ.ም. ውስጥ አይገኝም። ዶዘሩ የመጣው ሥራው አብዛኛው ካለቀ በኋላ ነው።

*ከገበያ የተወለደ ሰፈር*

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በፕላን የተመራች ከተማ አልነበረችም። የአፄ ምኒልክ ግቢ አንዱን ኮረብታ ያዘ፤ መኳንንቱ በየፊናቸው ሌላ ሌላውን ያዙ፤ ወታደሩና አሽከሩ በየጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሰፈርን ያስታውሳል። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሰሉ ስሞች ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው።

እነዚህን የተበታተኑ ሰፈሮች ያገናኛቸው አራዳ ነበር። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ፣ በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እህሉን፣ ማሩን፣ ጨርቁንና በቅሎውን ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ይሰበስብ ነበር። ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩና የመን ዓረቡ በገበያው ዙሪያ ሱቅ ከፈቱ። ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት፣ ፊቱ በረንዳ የሆነው የቤት አሠራር የተስፋፋው በዚህ ጊዜ ነው። ከታች ይነገዳል፣ ከላይ ይኖራል። እቴጌ ጣይቱ የአገሪቱን የመጀመሪያ ሆቴል ያሠሩትም ከዚሁ ገበያ ብዙም ሳይርቁ ነው። ዛሬ ነቃ ያለውን የከተማ ልጅ «አራዳ» የምንለው ከዚህ ሰፈር ተነስተን ነው። ሰፈሩ የሰው ጠባይ መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል።

*ስሙን ይዘው አጥሩን ጣሉት*

የጣልያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ያወጣው ፕላን ዋና ዓላማ ነጩንና ጥቁሩን መለየት ነበር። ኢትዮጵያዊው ከመሀል ከተማ ወደ ምዕራብ እንዲገፋ ተወሰነ፤ የአራዳ ገበያም አብሮት ሄደ። የዛሬው መርካቶ «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» ተብሎ የተጀመረው እንዲህ ነው። አሮጌው አራዳ ለአውሮፓውያን ተለይቶ «ፒያሳ» ተባለ። የምኒልክ ሐውልትም ተነቅሎ ተቀበረ።

ወረራው አምስት ዓመት ቆይቶ አበቃ። ሐውልቱ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። መርካቶ ግን በሄደበት ቀረ፤ ፒያሳም ስሟን እንደያዘች ቀጠለች። ልዩነቱ በረንዳዎቹን የሞላው ሰው ነበር። ኢትዮጵያዊው ስሙን ይዞ አጥሩን ጣለው። እንዳይገባበት በተከለለው ጎዳና ላይ ወርቅ ቤት ከፈተ፤ እንዳይቀመጥበት በተሠራው ሲኒማ ፊልም አየ፤ የጣልያኑን ቡና የራሱ አደረገው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ክርክር አለ፦ «ፒያሳ የጣልያን ቅሪት ናት፣ ብትፈርስ ምን ይጎድላል?» የሚል። ታሪኩ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። አንድ ቦታ የማን እንደሆነ የሚወስነው መጀመሪያ ድንጋዩን የደረደረው ብቻ ከሆነ ከተሞች ሁሉ ባለቤት አይኖራቸውም። ፒያሳን የአዲስ አበባ ያደረጋት ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ በውስጧ የተኖረው ኑሮ ነው።

*ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.*

የፒያሳን እጣ የወሰነው ቀን ግን ሌላ ነው። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት በላይ ያለው ሁሉ ተወረሰ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራይም ተቀነሰ።

አዋጁ ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። ከዚያ በፊት አብዛኛው የአዲስ አበባ መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር፤ ድሃው ተከራይ በባለቤቱ ፈቃድ የሚያድርና የሚባረር ሰው ነበር። ለዚህ ሰው አዋጁ እውነተኛ እፎይታ ነበር። በመሀል ከተማ ድሃና ሀብታም ጎረቤት ሆነው የኖሩትም በከፊል በዚሁ አዋጅ ምክንያት ነው። ይህን የሚክድ ሰው የአዲስ አበባን ታሪክ ግማሹን ይክዳል።

ነገር ግን አዋጁ አንድ ነገር አልመለሰም፦ ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይጠግነዋል?

የድሮው ባለቤት ሄዷል። ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ጥቂት ብር ሆኖ ቆየ፤ ለጥገና ቀርቶ ለጥቂት ቆርቆሮ አይበቃም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ይፈራል፤ ልጠግን ቢል እንኳ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ በድብቅና በርካሽ ያደርገዋል። ልጅ ሲያገባ ሳሎኑ በኮምፔንሳቶ ይከፈላል፤ ቤተሰቡ ሲበዛ ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ትቀጠላለች፤ በረንዳው ይዘጋና መኝታ ቤት ይሆናል። አንድ ባለፎቅ ቤት የአሥርና ከዚያ በላይ ቤተሰብ መኖሪያ ሲሆን ሽንት ቤቱ ያው አንዱ ነው።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። የእነዚህ ቤቶች አጥር ለአርባ ዓመታት ተነቀነቀ፤ ወጥቶ «ማነው?» የሚል ባለቤት ግን አልነበረም።

*ዝርዝር ጣሪያ አይጠግንም*

ከደርግ በኋላ ነገሩ ሁለት ፊት ያዘ። በአንድ በኩል በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት ሲመጣ የመሀል ከተማ መሬት ዋጋ ተቆረጠለት፤ ዋጋውም ከዓመት ዓመት ናረ። በላዩ የቆመው አሮጌ ቤት ግን ለመሬቱ ገዢ ዋጋ የሚጨምር ሳይሆን መነሳት ያለበት እንቅፋት ሆነ። በሌላ በኩል የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ወጣ። ታሪካዊ ቤቶች ተመዘገቡ፤ ያለ ፈቃድ መንካት ተከለከለ።

አዋጁ ለጥገና የሚያስቀምጠው ሐሳብ ለግል ባለቤት ይሠራል። ቅርሱን የሚንከባከበው ባለቤቱ ነው፤ ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ሊያግዝ ይችላል። የቀበሌ ቤት ባለቤት ግን መንግሥት ራሱ ነው። ቀበሌው አይጠግንም፤ ተከራዩ ለመጠገን ፈቃድ የለውም፤ የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በጀቱ ውስን ነው። እንዲህ ሲሆን ቤቱ በወረቀት ተጠብቆ በዝናብ ይፈርሳል። በመጨረሻም «ለሰው ልጅ መኖሪያ የማይመች» ይባላል። አባባሉ ትክክል ነው፤ እንዲያ እንዲሆን ያደረገውን ታሪክ ግን አይናገርም።

ለማነጻጸር የጣይቱ ሆቴልን መውሰድ ይቻላል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከባድ እሳት ተነስቶበት፣ በውስጡ የነበረው ጃዛምባ የሙዚቃ ቤት ወደመ። ሆቴሉ ግን ታደሰ። እንጨቱና ድንጋዩ ከጎረቤቶቹ የተለየ አልነበረም። ሆቴሉ ግን እንግዳ የሚያሳድር፣ ገቢ ያለው፣ ሲቃጠል የሚጠግነው ሰው ያለው ቤት ነው። ከኋላው የነበሩት የቀበሌ ቤቶች እሳት ሳይነካቸው አረጁ።

*የሳቫናና የቤይሩት ትምህርት*

ይህ የአዲስ አበባ ብቻ ችግር አይደለም፤ ሌሎች ከተሞችም በተለያየ መንገድ ሞክረውታል። በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት የምትገኘው ሳቫና እ.ኤ.አ. በ1954 አሮጌ የገበያ አዳራሿን አፍርሳ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሠራችበት። በቀጣዩ ዓመት ዳቬንፖርት የተባለው ታሪካዊ ቤት ሊፈርስ ሲል ሰባት ሴቶች ገንዘብ አሰባስበው ገዙት፤ ማኅበርም አቋቋሙ። ማኅበሩ ከልቅሶ ያለፈ ብልሃት ነበረው። ሊፈርሱ የተቃረቡ ቤቶችን ይገዛል፤ «አድሳለሁ፣ አላፈርስም» ብሎ በውል ለሚገባ ሰው መልሶ ይሸጣል፤ በተገኘው ገንዘብ ሌላ ቤት ይገዛል። ማኅበሩ በዋናነት ያደረገው ቤቱን ከጠጋኝ ጋር ማገናኘት ነው። የመኪና ማቆሚያው ራሱ ከጊዜ በኋላ ፈርሶ እ.ኤ.አ. በ2010 ቦታው የሕዝብ አደባባይ ሆኖ ተመለሰ። መንገዱ እንከን የለሽ አልነበረም፤ ሰፈሮቹ ሲያምሩ ኪራይ ጨምሮ ድሆች፣ በተለይም ጥቁሮች ተገፍተዋል። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቤት አድሶ በአነስተኛ ኪራይ ለነባር ነዋሪ የሚሰጥ ሌላ ድርጅት ያስፈለገው።

ቤይሩት ሌላውን መንገድ ታሳያለች። ከ15 ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የከተማዋ መሀል እ.ኤ.አ. በ1994 ለተቋቋመው ሶሊዴር ለተባለ ኩባንያ ተሰጠ። ባለንብረቶች በቤታቸው ፋንታ አክሲዮን ተቀበሉ። ከጦርነቱ የተረፉ ብዙ ሕንፃዎች ፈረሱ፤ የተመረጡት ደግሞ በጥሩ ሙያ ታደሱ። ድንጋዩ ያምራል፣ መንገዱ ጽዱ ነው። አሮጌው ገበያ በነበረበት ቦታ ውድ ዕቃ የሚሸጥበት የገበያ ማዕከል ተሠራ። ድሮ ከየሰፈሩ እየመጣ እዚያ የሚገናኘው ተራ የቤይሩት ሰው ግን ጉዳይ የለውም። መሀል ከተማዋ ታድሳ ባለቤቶቿን አጣች።

ሁለቱን ከተሞች የለያቸው ትልቁ ነገር ጥያቄያቸው ነበር። ሳቫና፣ ዘግይታም ቢሆን፣ «ማን ይኑርበት?» ብላ ጠየቀች። ቤይሩት ግን «ምን ይምሰል?» አለች።

*ገና ያልፈረሱት*

የኮሪደር ልማቱ ዛሬ ከአዲስ አበባ አልፎ የክልል ከተሞች ደርሷል። ይህ ክርክር ለፒያሳ ዘግይቶ ይሆናል፤ ለሌሎች ግን ገና ነው። የድሬዳዋ ከዚራ ከምድር ባቡሩ ጋር የተወለደች ሰፈር ናት። ጎንደር በፋሲል ግቢ አጠገብ የራሷ ፒያሳ አላት። ብዙ የአገራችን ከተሞች እንዲህ ያለ አሮጌ መሀል አላቸው፣ በዚያም ውስጥ ጠጋኝ ያጡ ቤቶች አሉ።

ፍርሃቱ መሠረተ ቢስ እንዳይባል ደግሞ ሌላውንም ማየት ይገባል። ከፒያሳ ተነስታ ኮንዶሚኒየም የገባች እናት ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ሽንት ቤት ቆልፋ ተጠቅማ ይሆናል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የመጠገን ሙያና ፍላጎትም በአገሩ አለ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ታድሶ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል፤ የአፍሪካ አዳራሽም በተባበሩት መንግሥታት ወጪ ታድሷል። የጎደለው ነገር ቤተ መንግሥት ላልሆነው፣ ታቹ ሱቅ ላዩ መኖሪያ ለሆነው ተራ ቤት የሚሆን መንገድ ነው።

መንገዱ ደግሞ ከባድ ምስጢር የለበትም። አንደኛ፣ ዶዘር ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ቤት ይለካ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ማን እንደኖረበት ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ሊጠገን የሚችለውን የቀበሌ ቤት «አድሳለሁ» ለሚል ነባር ተከራይ ወይም የተከራዮች ማኅበር በረጅም ጊዜ ውልና በጥገና ብድር መስጠት ይቻላል። አርባ ዓመት እየፈራ በድብቅ ሲለጥፍ የኖረ ሰው መብት ሲያገኝ ምን እንደሚሠራ አንድ ሰፈር ላይ ሞክሮ ማየት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ በታደሰው ጎዳና ላይ ለነባሩ ነጋዴ በአቅሙ የሚከፍለው ቦታ ይጠበቅለት። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታቀርብ፣ በረንዳ ላይ ጫማ የሚያድስ፣ ከወርቅ ቤት ጀርባ ቀለበት የሚያቀልጥ ሰው የሚኖረው መሀል ከተማ በመሆኑ ነው። ከከተማ ጫፍ የተሰጠው ቤት የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ደንበኛውን አይወስድለትም። እድሩና እቁቡም በየብሎኩ ሲበተን እንደ ቤቱ ምትክ አይሰጠውም።

ፒያሳ ላይ የፈረሰው አይመለስም። የቆመው ግን በሚመጣው ክረምት ዝናብ ይመታዋል። ከሰኔ በፊት ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን የሚያየው ማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዶዘሩ ሲመጣ «ለመኖሪያ አይመችም» የሚለው ደብዳቤ እንደገና እውነት ይሆናል።