ሚኒሞ፦ በመቀሌ መንገድ ቆሞ የሚበላ መኪና

ከደናክል ረባዳ ምድር የተቆረጠው ጨው በግመል ተጭኖ በበርሃሌ በኩል መቀሌ ሲገባ፣ ነጋዴው ጭነቱን አራግፎ እንስሳውን ያሳርፍ ነበር። ግመል በቆመ ጊዜ ኃይሉን ይሰበስባል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ የጭነት መኪና ግን ባለበት ሆኖ ይበላል። ከባድ የናፍታ መኪና አንድ ክንድ ሳይንቀሳቀስ በሰዓት 3 ሊትር ያህል ያቃጥላል።

የኢጣሊያ ጦር ጥቅምት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. መቀሌን ከያዘ በኋላ በኲሓ በኩል በተዘረጋው የመኪና መንገድ የመጣው ካሚዮን ብቻ አልነበረም፤ ቋንቋውም አብሮት ገባ። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ የሚሉት ቃላት በየጋራዡ ቀሩ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበትም ሁኔታ «ሚኒሞ» ተባለ፤ ይኸውም «ትንሹ» ማለት ነው። ስሙ ትንሽ ይሁን እንጂ ወጪው ትንሽ አልሆነም።

ሾፌሩ ሞተሩን የማያጠፋው በቸልታ ብቻ አይደለም። ባትሪው የደከመ፣ ሞተሪኖው ያረጀ መኪና አንድ ጊዜ ከጠፋ ተገፍቶ ካልሆነ አይነሳም፤ የጫነ ተሳቢ ደግሞ በሰው ጉልበት አይገፋም። በአየር ፍሬን የሚሠራውም ማጠራቀሚያው አየር እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ሆኖም ጭሱን የሚተነፍሱት ሾፌሩ ራሱ፣ ረዳቱና የመንገድ ዳር ነጋዴው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍታ ጭስ ለሰው ልጅ ካንሰር አምጪ መሆኑን አስታውቋል።

የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1971 ለቆመ መኪና ሞተር የ3 ደቂቃ ገደብ አበጀች፤ ካሊፎርኒያም ኋላ ለከባድ የናፍታ መኪናዎች 5 ደቂቃ ወሰነች። በኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከተንቀሳቃሽ ምንጭ ለሚወጣ ጭስ መመዘኛ እንዲወጣ ደንግጎ፣ ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ መመዘኛ እንዲያወጡ ፈቅዷል። ስለሆነም የአካባቢ ደንብ በሩ ከተከፈተ ሰንብቷል።

የሊትሩን ዋጋ ያስተማረው ግን ጦርነቱ ነው። ከሐምሌ 2013 እስከ መስከረም 2014 ዓ.ም. አጋማሽ እርዳታ ይዘው ትግራይ ከገቡት ከ400 የሚበልጡ የጭነት መኪናዎች አብዛኞቹ ሳይመለሱ ሲቀሩ፣ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የመመለሻ ነዳጅ ማጣት ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ናፍታ ለመቀሌ ብርቅ ሆኖ ቆየ።

ደቂቃ ቆጥሮ የሚቀጣ ደንብ፣ ደህና ባትሪ በሌለው ሾፌር ላይ ብቻ ቢወድቅ ከቅጣትነት አያልፍም። ገደቡን መወሰን የሕግ አውጪው ሥራ ሲሆን፣ ሞተሩ ጠፍቶ ያለ ገፊ እንዲነሳ ማድረግ የባለንብረቱና የመካኒኩ ግዴታ ነው።